ማንም የማያውቀው የክርስትና ስሜ

እልኸኛ ናት ይሉኛል። ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሌንም፣ የንስሐ አባታችንንም፣ የሰበካ ጉባኤውን ጸሐፊም እንቅልፍ የነሳኋቸው እኔ ፍቅርተ ነኝ። አንዳቸውንም ይቅርታ አልጠይቅም።

እኔና ዳኛቸው ከተጋባን ሃያ ዓመት አለፈን። እሱ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ይጠግናል፤ እኔ ጤፍ እቸረችራለሁ። ልጆቹ ጎረመሱ፣ እኛም ረጋ አልን። አምና በፍልሰታ ከቅዳሴ ስንመለስ «እስከ መቼ ከሩቅ ቆመን እናያለን? እንቁረብ እንጂ» ያለው እሱ ነው። በደስታ የማደርገው ጠፋኝ። በቁርባን መጋባት እስከ ሞት አንድ መሆን ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቀርብም። መምሬ ይሻው፣ የንስሐ አባታችን፣ ንስሐችንን ሰጥተው ሲያበቁ ቀኑን ቆረጡልንና የክርስትና ስማችንን ጠየቁ። ጸሎቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነው።

ዳኛቸው «ኃይለ ሚካኤል» አለ። እኔ ዝም አልኩ።

የለኝማ! በሰባ ሰባቱ ረሃብ እብናት መጠለያ ውስጥ፣ ከሞተች እናቴ ጎን ያነሳችኝ ብርቱካን የምትባል የአንበሳሜ ሴት ናት። ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ፍቅርተ ያለችኝም፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት። አንገቴ ላይ ጥቁር ማዕተብ እንደነበረ እስክትሞት ትናገር ነበር። በኛ አገር ማዕተብ የሚታሰረው ክርስትና ሲነሱ ነው፤ ስለዚህ ተጠምቄያለሁ። ስሙን የሚያውቁት ግን አልቀዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የኔ ከእናቴ ጋር መቃብር ወርዷል።

ጸሐፊው ማሩ ይህን ሲሰማ «ጥርጥር ካለ እንደ አዲስ ትጠመቅ። ቅጹ ባዶ ቦታ አይቀበልም» አለ።

ደሜ ፈላ። «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን እያልክ የምትደግመው ለአፍህ ነው? ያን ሁሉ ረሃብ ያልፈታውን ማዕተብ አንተ በእስክሪብቶ ልትፈታው ነው?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

መምሬ ይሻው እንደሱ አይደሉም፤ ከልባቸው አዘኑልኝ። ቤት ድረስ መጥተው መስቀላቸውን አሳለሙንና ዳኛቸው ባለበት «ልጄ፣ ጥምቀትሽን እኔ አልጠራጠርም። የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው በይና ነገሩ ይለቅ። ያገሩ ሴት እኩሌታው ወለተ ማርያም ነው። ማን ያውቃል?» አሉኝ።

«እግዜር ያውቃላ፣ አባቴ» አልኳቸው።

ዳኛቸው ከመቀመጫው ተነሣ። «ኧረ አንቺ ሴት! እሳቸው እሺ ካሉ አንቺ ማነሽ? ዘመዱ ተጠርቷል፣ ልብሱ ተገዝቷል። ባንቺ እልህ እኔም ደጅ ልቅር?» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በሃያ ዓመት ውስጥ ሲያለቅስ ያየሁት ልጃችንን የቀበርን ዕለት ብቻ ነው። እውነቱን ነው፤ ከቁርባን የማስቀረው እሱንም ነው። አንጀቴን በላኝ፤ «ወለተ ማርያም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ግን አልወጣልኝም።

«ስማኝ» አልኩት። «የጸሎት መጽሐፉ ላይ 'አመትከ እገሊት' የሚል አለ አይደል? ባሪያህ እገሊት ማለት ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ስሙን ይጠራል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ስደርስ ዝም እላለሁ፤ እሱ ይሙላበት እያልኩ። ልጆች 'የመጠለያ ልጅ' እያሉ ሲሰድቡኝ፣ ብርቱካንን ስቀብር፣ ልጃችንን አፈር ስናለብስ፣ ያቆመኝ ያ ዝምታ ነው። እናቴ ምን ብላ እንዳስጠመቀችኝ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚያውቀኝን ጌታ፣ ሥጋውና ደሙ ፊት ቆሜ ሌላ ሴት ነኝ ልበለው? ከፈለጋችሁ አታቁርቡኝ። አልዋሽም!»

ዳኛቸው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መምሬ ይሻው መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «እሁድ ነጭ ለብሳችሁ ኑ» አሉና ብድግ አሉ።

«ወለተ ማርያም ካሉኝ ከመካከል ወጥቼ እሄዳለሁ፣ አባቴ።»

«ኑ ብያለሁ!» አሉና በሩን ዘግተው ሄዱ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ዳኛቸው በአዲሱ ኩታ፣ እኔ ከጎኑ ቆመናል። እግሬ ለመሄድም ለመቆምም ተዘጋጅቷል። ማሩ መዝገቡን ታቅፎ ከኋላችን ቆሟል። መምሬ ይሻው መስቀሉን ዳኛቸው ራስ ላይ አድርገው «ገብርከ ኃይለ ሚካኤል» አሉ። መስቀሉን ወደኔ አዞሩ።

«ወአመትከ…» አሉና ዝም አሉ።

ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዲያቆኑ መጽሐፉን ጠጋ አደረገላቸው፤ አላዩትም። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። የኔ እንባ ዝም ብሎ ይወርዳል። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ።

ማሩ አላስችል አለውና ከኋላ አንገቱን አስግጎ «አባ፣ ስሟ ጠፋብዎት እንዴ? ወለተ ማርያም ይበሏት!» አለ።

ዳኛቸው ዞር አለ።

«ዝም በል!» አለው። «የሚስቴ ስም እየተጠራ ነው።»