ለማን ልነሳ?

1.

«አልነሳም።»

2.

ይህን ያሉት ጋሽ ይመር ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። አንጀታቸው ተጠማዝዞ ኦፕራሲዮን ተደርገው፣ በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያ ያያሉ። ቦታው ደሴ ነው፤ የሆስፒታሉ ስም ይቅርብዎት። «ይነሱ» ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የጥናት ረዳት ነበርኩ። ትዕግሥት አልነበረኝም። አሁንም የለኝም፤ ታሪኩን በቁጥር የቆራረጥኩት ለዚህ ነው።

3. የጥናቱ ጥያቄ

ኦፕራሲዮን በተደረገ ማግስት ተነስቶ የሚራመድ ሰው፣ ከሚተኛው ቶሎ ይድናል ወይ?

ይድናል። ይህ ሌላ ቦታ ተጠንቶ ያለቀ ነገር ነው። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ሳንባው አክታ ይቋጥራል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ከቢላዋ የተረፈው ሰውዬ በሳንባ ምች ይሞታል። እኛ ማወቅ የፈለግነው ሌላ ነበር።

የእኛን ሰው ምን ያስነሳዋል?

4. ምን እንደማያስነሳው

እኔ።

«ተነስተው ይራመዱ» የሚለው የግድግዳ ሥዕልም አያስነሳውም። ሐኪሙም አያስነሳውም፤ ሐኪሙ እስኪወጣ «እሺ» ይባላል። በዚያ ላይ አስታማሚ አለ። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አይታመምም። የጋሽ ይመር ልጅ ከድጃ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ነበር የምታድረው። እኔ አንድ እጃቸውን ይዤ ወደ ላይ ስስብ፣ እሷ ሌላውን ይዛ ወደ ታች ትስባለች።

«ስፌቱ ይፈታል!»

«አይፈታም።»

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?»

5. ንግግር፣ እንደወረደ

እኔ፦ ጋሽ ይመር፣ እስከ መስኮቱ ብቻ።

እሳቸው፦ መስኮቱ ጋ ምን አለ?

እኔ፦ ምንም።

እሳቸው፦ ታዲያ ለምንም ልነሳ?

እኔ፦ ለጤናዎ!

እሳቸው፦ ስሚ ልጄ። እኔ የምነሳው ለትልቅ ሰው ነው። ለእንግዳም እነሳለሁ። አንቺ ትልቅ እንዳትባይ ትናንት የተወለድሽ፣ እንግዳ እንዳትባይ በየሰዓቱ የምትመጪ። ለማን ልነሳ?

ከድጃ፦ (ሳቅ)

እኔ፦ (ይህን መስመር ሰርዤዋለሁ።)

6.

እማማ የሺመቤት የሐሞት ጠጠር ወጥቶላቸው ከማዶ ካለው የሴቶች ክፍል ተኝተው ነበር። አንድ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፈው መጡ።

«ማነው እዚህ እንደ አሮጌ መኪና ሲያጓራ የሚያድረው? እንቅልፍ ነሳን እኮ!»

ጋሽ ይመር አዩአቸው። ነጭ ሻሽ፣ የጎበጠ ትከሻ። እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። እግራቸው ወረደ። ማንም ሳይነካቸው ቆሙ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ ይቀመጡ፣ በሞቴ!»

«እርስዎ ቆመው? አይሆንም።»

«እኔማ ታናሽዎ ነኝ።»

«ታናሼ! እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ እርስዎ የልጅ ልጅ አቅፈው ነበር።»

«አቤት ውሸት! ቤትዎ መስታወት የለም?»

በመካከላቸው አንድ ወንበር አለ። ታላቁ ይቀመጥበታል። ታላቅ ልሁን የሚል የለም። ቀድሞ የተቀመጠ ባለጌ ነው። ከድጃ አባቷን ልትይዝ እጇን ዘርግታ እንደዘረጋች ቀረች። እኔ ደግሞ ሰዓቴን አይቼ ደቂቃውን መዘገብኩ።

ቆሙ።

ተከራከሩ፣ ሳቁ፣ ሆዳቸውን ይዘው አክታ እስኪወጣ ሳሉ።

ቆሙ።

7.

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ከቁርስ በኋላ እማማ የሺመቤት ይመጣሉ፤ ከሰዓት ጋሽ ይመር ኮሪደሩን ተሻግረው ብድር ይመልሳሉ። ከድጃ ወደ ታች መሳቡን ትታ ጠሪ ሆነች፦ «አባባ፣ መጡ!» ነገሩ ክፍሉን ሁሉ ያዘው። አንዱ አልጋ «ኖር» ሲል ሌላው አልጋ «በእግዜር» ይላል፤ ስፌት ያለበት ሁሉ ለስፌት ላለበት ይነሳል።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሐረገወይን በር ላይ ቆማ አየች።

«ሕክምናውን ምን ብለን ነው የምንጽፈው?»

«ትልቅ ሰው» አልኳት።

«አወሳሰዱስ?»

«ከምግብ በኋላ።»

8. ማስታወሻ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ክፍሎች አይቻለሁ። በየአልጋው መጋረጃ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ቀና የሚል አልጋ፣ ጸጥታ። ጸጥታው ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። የደሴው ክፍል በረኪናና የሰው ምሳ ዕቃ ይሸት ነበር፤ መስኮቱ አይዘጋም፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ናፍቆት ሥራ የፈታ ሰው ነገር ይመስለኛል።

ይናፍቀኛል።

9.

እማማ የሺመቤት ድነው ወጡ። ጋሽ ይመርን ጉንጭና ጉንጭ ስመው፣ «እንግዲህ ይቀመጡ» ብለው ሄዱ።

ተቀመጡ። ከዚያ ተኙ። በማግስቱ ትኩሳት መጣ።

በዚያው ሳምንት ከተማውን ጉንፋን ይዞት ስለነበር ጠያቂ እንዳይገባ ተከለከለ። የሚጠበቅ እንግዳ የለም። የክፍሉ ሽማግሌዎችም ወጥተዋል፤ የቀሩት ጎረምሶች ናቸው። ዶክተር ሐረገወይን ደረታቸውን አዳምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ዛሬ ተነስተው አክታውን ካላወጡት፣ ሳንባቸው ነገን አይችልም።»

ከድጃ ተንበረከከች።

«አባባ፣ አብሽር። ለእኔ ብለህ ተነሳ።»

«ለልጅ አይነሳም፣ ከድጃ።»

ሊቀልዱ ነበር። ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። እኔና እሷ ደግፈን ልናስቀምጣቸው ሞከርን፤ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከእጃችን ወረዱ። ወጥቼ ኮሪደሩን አየሁ። ሰው ፈለግሁ። የትኛውንም ሰው።

ማንም።

10.

ያን ቀን ማንም አልመጣም። ከዚያ የሆነውን አውቃለሁ፤ በጥናቱ ውስጥ በአንድ መስመር ታትሟል። እዚህ አልጽፈውም። እዚያ ያልነበረ ሰው እዚህ አለና።

እርስዎ።

ከመጀመሪያ ጀምሮ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር። በዕድሜ ትልቅ ይሁኑ ትንሽ አላውቅም፤ ለውጥ የለውም። ለዚህ ክፍል እንግዳ ነዎት።

ይግቡ።

ከድጃ አይታዎታለች። «አባባ፣ ሰው መጣ» አለች። ጋሽ ይመር ራሳቸውን አዞሩ። አያውቁዎትም። ደግመው አዩዎት። እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። አንድ እግር ወረደ። ሌላኛው ይንቀጠቀጣል። ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣቸውም፤ ግን ምን እንዳሉ ገብቶዎታል።

ምን ያዩኛል? እኔ ልመልስልዎት አልችልም። ቶሎ ይበሉ፦

«