ተሳቢ የለም

«ሾፌር ነኝ» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ወደ ኋላ እንዴት እንደሚሄድ ነው። ወደ ፊትማ ማንም ይነዳል፣ መንገዱ ራሱ ይወስደዋል። ከናዝሬት መተሐራ ሃያ ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ። ዛሬ አዳማ ትሉታላችሁ፣ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንለው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንቱ ጎበዝ ነኝ ባይ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ግራና ቀኙ ሲጠፋበት አይቻለሁ። እኔም አንድ ቀን በሰው ፊት ጠፍቶብኛል። ምን አስዋሸኝ፣ የማወራችሁ እሱን ነው።

ስሜ ሻሼ ነው። የተወለድኩት መተሐራ ስኳር እርሻ፣ ሸንኮራ ቆራጮች ካምፕ ውስጥ ነው። በ1970 ወንዶቹ ወደ ኦጋዴን ሲዘምቱ ትራክተሮቹ ያለ ሾፌር ቆሙ። የሴቶች ማህበር ስብሰባ ላይ መንዳት የምትችል አለች ወይ ተብሎ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። የት አውቄ! ትራክተር ላይ ተቀምጬም አላውቅ። ግን ከሸንኮራ ቆረጣ የባሰ ነገር አይመጣብኝም ብዬ ነው። በሦስት ሳምንት ለመድኩት። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ሸንኮራ የተጫነ ተሳቢ እየጎተትኩ ከማሳ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ማሳ ስል ኖርኩ።

ተሳቢ ነድቶ ለማያውቅ ልንገረው። ተሳቢ ይዘህ ወደ ኋላ ስትሄድ ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው። ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድልህ ከፈለግህ መሪውን ወደ ግራ ታዞራለህ። መጀመሪያ ሰሞን ያሳብዳል። እያደር ግን እጅ ይለምደዋል፣ ጭንቅላትን መጠየቅም ይተዋል። የእኔም እጅ ሰባት ዓመት ሙሉ የለመደው ይህንኑ ነው።

ልቤ ግን አውቶቡስ ላይ ነበር። ማሳው ዳር ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ የናዝሬቱ አውቶቡስ ክላክሱን እየነፋ በዋናው መንገድ ያልፋል። እስኪጠፋ ድረስ ነበር የማየው። ሸንኮራ ዝም ብሎ ይጫናል፣ ዝም ብሎ ይራገፋል። ሰው ግን ይጫወታል፣ ይጣላል፣ ሲወርድ እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ያንን ነበር የተመኘሁት።

በ1976 ክረምት ናዝሬት ያለ አንድ የአውቶቡስ ማህበር ሾፌር አጥቶ ለአንዲት ሴትም ቦታ እንዳለው ተሰማ። መንጃ ፈቃዴን አወጣሁና የእርሻውን ሥራ ለቅቄ ሄድኩ። በሳምንቱ ትራክተሬን ለሌላ ሰጡት። የምመለስበት ቦታ አልነበረኝም ማለት ነው።

በማህበሩ ግቢ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ሾፌር የሚፈተነው በሁለት በርሜል ነው። በርሜሎቹ እስከ አፋቸው ውሃ ይሞላሉ፣ በመሃላቸው አውቶቡስ ለጥቂት የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። ወደ ኋላ ገብተህ ትቆማለህ። አንዱን ነክተህ ውሃው ከፈሰሰ ወድቀሃል፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

በመስከረም እኔ ስፈተን ግቢው ሙሉ ሰው ወጥቶ ነበር። ሴት ስትነዳ ለማየት ነዋ! የስምሪት ኃላፊው ጓድ ጉደታ ከግራው በርሜል አጠገብ ቆመዋል። ጫማቸውን ጠዋት ጠዋት ሳያስጠርጉ ቢሮ የማይገቡ፣ ንጹሕ ሰው ናቸው። የኋላ ማርሽ አስገባሁና ጀመርኩ። ግማሽ ድረስ በደህና ሄድኩ። ከዚያ አውቶቡሱ ወደ ግራ ሲያዘነብል በመስታወት አየሁ። መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ነው፣ በቃ። እጄ ግን ሳይጠይቀኝ ለሰባት ዓመት እንደለመደው ወደ ግራ ጠመዘዘው። በርሜሉ ተገለበጠና ውሃው በሙሉ ጓድ ጉደታ ጫማ ላይ ፈሰሰ።

ሳቁን ተዉት። እኔን ያቃጠለኝ ሳቁ አይደለም። «ሴት ናት፣ ምን ታድርግ» ሲሉ ነው ቆሽቴ ያረረው። የጣለኝ ሴትነቴ አይደለም፣ የተሳቢ ልማድ ነው ብዬ ላስረዳ ብሞክር፣ ተሳቢው የት አለ እያሉ ጭራሽ ባሰባቸው። ጓድ ጉደታ እግራቸውን እያራገፉ ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እፈተናለሁ። ያኔም ከወደቅኩ ፋይሌ ይዘጋል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። እስከዚያው ትኬት ቆራጭ ሆኜ እቆያለሁ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም።

የተመደብኩት ጋሼ አምባዬ አውቶቡስ ላይ ነበር። ጋሼ አምባዬ ሠላሳ ዓመት የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸውን ሰምቷል የሚባል ሰው የለም። ረዳት ሲጠፋ እንኳ በር ላይ ቆመው ተሳፋሪ አይጠሩም፣ ሰው ራሱ አንብቦ ይግባ ባይ ናቸው። አንድ ወር ሙሉ ከደህና አደርሽ በቀር አላናገሩኝም። አንድ ቀን ወለንጪቲ ቆመን ተሳፋሪው ሻይ ሲጠጣ፣ ወደ መንገዱ እያዩ እሳቸውም በወጣትነታቸው የአሰብን መንገድ በተሳቢ እንደነዱ ነገሩኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እጅ ክፉ ነው፣ የለመደውን አይረሳም» አሉኝ። «አትጣዪው። ወደ ኋላ ስትሄጂ ጮክ ብለሽ ንገሪው።»

«ምን ብዬ ልንገረው ጋሼ?»

«ተሳቢ የለም በይው።»

የሚያምነኝ አንድ ሰው ተገኘ ማለት ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሳፋሪ አራግፈን ግቢ ስንደርስ እሳቸው ይወርዳሉ፣ እኔ መሪውን እይዛለሁ። ቦታው ላይ የማስገባት እኔ ነኝ። የኋላ ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር «ተሳቢ የለም» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ እብድ። መካኒኮቹ መዝናኛ አገኙ። ስሜን ትተው «ተሳቢ የለም መጣች፣ ተሳቢ የለም ሄደች» ይሉኝ ጀመር። አንዱን በትኬት ጥራዝ ጀርባውን ብዬዋለሁ፣ አይቆጨኝም። በአራተኛው ወር እጄ መስማት ጀመረ፣ በአምስተኛው ለመደ።

መጋቢት ላይ ቀኑ ደረሰ። ጓድ ጉደታ ግን አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ሰው ጭኜ እስከ መተሐራ እነዳለሁ፣ በርሜሎቹም እዚያው መናኸሪያ ይቆሙልኛል። የአገሬ ሰው ይመስክር አሉ። ገባኝ። ከወደቅኩ ካደግኩበት ሰው ፊት ልወድቅ ነው። እሺ አልኳቸው።

ናዝሬት መናኸሪያ ትኬት ቆርጬ፣ ቦርሳዬን ከአንገቴ ሳላወልቅ መሪው ጀርባ ስቀመጥ ሦስት ሰዎች ብድግ ብለው ወረዱ። ነጠላ ጫማ እያመላለሰች የምትነግደው ዙለይካ ከፊት ወንበር ንቅንቅ አላለችም። ዕቃዋ ጣሪያ ላይ ታስሯል፣ ብትወርድ ማን ያወርድላታል! እየሳቀች ይህንኑ ስትናገር ሌላውም ሳቀና ረጋ አለ። ጋሼ አምባዬ ከኋላዬ፣ ጓድ ጉደታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡና ተነሳን።

ደህና ነዳሁ። ወለንጪቲ አውርደን ጫንን፣ የፈንታሌ ተራራ ከፊታችን ብቅ አለ። ጉዱ የጠበቀን በሰቃ ሐይቅ ጋ ነው። ያን ዘመን ሐይቁ እየሰፋ የመንገዱን ግማሽ በልቶት፣ በድንጋይ እየሞሉ ከፍ ያደርጉት ነበር። ጠባቡ ላይ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው። እኔ ገብቼ፣ ከኋላዬ አምስት መኪና ተከትሎኝ፣ ድንጋይ የጫነ ትራክተር ከነተሳቢው ከወዲያ በኩል ተራ ሳይጠብቅ መጣና ፊት ለፊት ተፋጠጥን። እኛ ስድስት፣ እሱ አንድ። ወደ ኋላ መመለስ ያለበት እሱ ነው።

ሾፌሩ ኡርጌሳ የሚባል ትልቅ ሰው ነው። ወደ ኋላ ልሂድ ሲል ተሳቢው ወደ ውሃው ዞረ። ወደ ፊት መጥቶ አስተካክሎ እንደገና ሞከረ፣ አሁንም ወደ ውሃው። በሦስተኛው የተሳቢው አንድ ጎማ ዳር ላይ ቆመና ድንጋይ እየተንሸራተተ ሐይቁ ውስጥ ይገባ ጀመር። ሰዉ ጮኸ። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ምን እንዳጠፋ ወዲያው አየሁት። ተሳቢውን ወደ ግራ ለማምጣት መሪውን ወደ ግራ ያዞራል። ኋላ እንደሰማሁት ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፣ እጁ ተሳቢ መኖሩን አያውቅም። እኔ ተሳቢ እንዳለ አድርጌ ዞሬ ወደቅኩ፣ እሱ ደግሞ እንደሌለ አድርጎ እየዞረ ሊሰምጥ ነው!

ፍሬን ይዤ ልወርድ ስል ጋሼ አምባዬ ክንዴን ያዙኝ።

«ሻሼ፣ ዛሬ ያንን መሪ ከነካሽ እጅሽ ይመለሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በርሜል ይጠብቅሻል።»

እውነታቸውን ነው። ስድስት ወር የደከምኩበት ነገር እዚያች ትራክተር ላይ ሊቀር ይችላል። ግን ሰውየው ዓይኔ እያየ ከነድንጋዩ ውሃ ሊገባ ነው። ታዲያ በርሜል ብዬ ልቀመጥ? ክንዴን አስለቀቅኩና ወረድኩ።

ኡርጌሳ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ነበር። ልቀቅልኝ ስለው አልተከራከረም፣ ወርዶ ቦታውን ሰጠኝ። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ፊት ስቤ ጎማውን ከዳር አወጣሁ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። እጄ ቤቱ ገባ። አንገቴን አዙሬ፣ መሪውን በትንሽ በትንሹ ግልብጡን እየሰጠሁት፣ መቶ ሜትር ያህል አንድ ጊዜ እንኳ ሳልቆም ቀጥ አድርጌ አወጣሁት። ስድስቱም መኪና ክላክሱን ነፋ። የእኔን አውቶቡስ ክላክስ የነፋችው ዙለይካ ናት። ስመለስ ጓድ ጉደታ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ያኔ ተሳቢ ስትይ ሰበብ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፈተናው ግን አልቀረልኝም፣ እሳቸውም ይቅር አላሉም።

መተሐራ ስንደርስ የገበያ ቀን ነው። በርሜሎቹ ሞልተው ቆመዋል። የካምፑ ሰው፣ አብረውኝ ሸንኮራ የቆረጡ ሴቶች፣ የትራክተር ጓደኞቼ ሁሉ ሰምተው ተሰብስበዋል። ከሩቅ «አካም ጅርታ ሻሼ!» እያሉ በኦሮምኛ ሰላም ይሉኛል፣ እኔ ዓይኔን ከበርሜሎቹ አላነሳሁም። ተሳፋሪው ወረደ። ጓድ ጉደታ ከበርሜሎቹ አሥር እርምጃ ርቀው ቆሙ። ጫማቸውን አልረሱትም።

የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ግማሽ ድረስ ሄድኩ። አውቶቡሱ ወደ ግራ አዘነበለ፣ ልክ እንደ መስከረሙ። ያን ጊዜ እጄ ወደ ግራ ሲጀምር ተሰማኝ። ጋሼ እንዳሉት ተመልሶ ነበር። ፍሬን ረገጥኩና ቆምኩ። ትቼው ልውረድ ወይ ብዬ አስቤአለሁ፣ እውነቱን ልናገር። ከዚያ ግን ተናደድኩ፤ በጉደታም አይደለም፣ በሰዉም አይደለም፣ በገዛ እጄ። ጭንቅላቴን በመስኮት አወጣሁና መናኸሪያው እስኪሰማ ጮህኩበት።

«ተሳቢ የለም!»

እጄ ሰማኝ። መሪው ወደ ቀኝ ሄደ፣ አውቶቡሱ ተቃና፣ ቀስ ብሎ በሁለቱ በርሜሎች መሃል ገባ። ፍሬን ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ጓድ ጉደታ አሥሩን እርምጃ ተራምደው መጡ፣ ጎንበስ ብለው የግራውን በርሜል አዩ፣ ዞረው የቀኙን አዩ። ውሃው እስከ አፉ እንዳለ ነው። ከዚያ በተጠረገው ጫማቸው በርሜሉ ሥር ቆመው፣ «ወደ ናዝሬት የምትመልሺው አንቺ ነሽ» አሉኝ። እልልታው ከካምፑ ሴቶች ተነሳ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ያሁኑ ግን በሬን ዘግቼ አልነበረም።

ቀና ስል ጋሼ አምባዬ ከጎኔ ቆመዋል። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የትኬት ቦርሳ በቀስታ አወለቁና በራሳቸው አንገት አጠለቁት። ከዚያ በሩ ላይ ወጥተው፣ ሠላሳ ዓመት ማንም ያልሰማውን ድምፃቸውን ለቀቁት።

«ናዝሬት! ናዝሬት! የሞላ፣ የሚሄድ! ናዝሬት በሻሼ!»