በዓይኔ አይቻለሁ

ክብሩ አንድ ሕግ ነበረው፤ ያላየውን አያወራም። አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያ አጠገብ የእርሻ መድኃኒትና የዘር መደብር ሲከፍት ጎረቤት ነጋዴዎች በዚህ ሕጉ ሳቁበት። ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያላየውን ካላወራ ምን ሊያወራ ነው? እሱ ግን በጋሞ ደጋ ዘጠኝ ዓመት የልማት ሠራተኛ ሆኖ ጭቃ የረገጠ ነውና ገበሬ በምን እንደሚቀየም ያውቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ መደብሩን ከመክፈቱ በፊት፣ በቴሌግራም ቻናሉ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይለቃል። የሚናገረው በጋሞኛ ነው፤ እኛ እዚህ በአማርኛ እንለዋለን። የሙዙን፣ የበጉን፣ የድንቹን በሽታ እያነሣ መላውን በነፃ ይናገራል፤ አንዳንዴማ ይህን ከእኔ አትግዙ፣ አመድ ይበቃችኋል ይላል። ሚስቱ ሰብለ መጀመሪያ ያበደ መሰላት፤ ደንበኛን በገዛ አፉ የሚያባርር ነጋዴ አይታ አታውቅም። ደንበኛው ግን መጣ። ከደጋ የወረደ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ድምፁን ሲሰማ «አመድ ይበቃል ያልከው አንተ ነህ?» ይለውና አመድ የማይበቃውን ሁሉ ከእሱ ገዝቶ ይሄዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ የሳቀው ጎረቤት ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

ከሁሉም የተሰማለት አጠውልግ ስለሚባለው የእንሰት በሽታ የተናገረው ነው። መሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የጠወለገውን እንሰት ነቅላችሁ ቅበሩ፤ የነካችሁበትን ቢላዋ በበረኪና ሳታጥቡ ወደ ሌላው አትሂዱ አለ። እንደ ልማዱም «ይህን በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጨረሰ። ከአባያ ሐይቅ በላይ አፋፉ ላይ ባለችው ኦቾሎ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው አንድ ስልክ ከቦ ይህን ሰማ። ከሰሚዎቹ አንዷ እማማ አገርነሽ ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ከጓሯቸው አርባ እንሰት በቀር ሌላ መተማመኛ የሌላቸው ሴት። መጻፍ ስለማይችሉ የሚመልሱለት በድምፅ ነው።

«ልጄ ክብሩ፣ ቢላዋዬን አጠብኩ። እግዚአብሔር ዓይንህን ይጠብቅልህ።»

በየሳምንቱ አንድ ነገር አድርገው ይህንኑ ይመርቁታል። ክብሩም ምርቃቱን ለሰብለ ደጋግሞ ያሰማት ነበር፤ ኩራት እንደነበረበት መደበቅ አያስፈልግም።

መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አስመጪ ነኝ ባይ በሰማያዊ ፓኬት የታሸገ ዱቄት ይዞ መጣ። አጠውልግን ያድናል አለ። ለዞኑ በሙሉ ብቸኛ ወኪል አደርግሃለሁ፣ አንድ መልእክት ብቻ ልቀቅልኝ አለ። ክብሩ መጀመሪያ በአራት እንሰት ላይ ልሞክረው፣ ሦስት ወር ይበቃኛል ቢለው ሰውዬው ፈገግ ብሎ፣ ሦስት ወር ከጠበቅክ ወኪልነቱን ሶዶ ያለ ሰው ይወስደዋል ብሎት ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ክብሩ ስልኩን አፉ ላይ አደረገ። ሊል ያሰበው «ይሠራል ይላሉ» ነበር። ምላሱ ግን በለመደው መንገድ ሄዶ «ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ዘጋው። አጥፍቶ እንደገና መቅዳት ይችል ነበር። መልሶ አዳመጠው፤ ድምፁ ያምራል። ለቀቀው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ምንም አልጎደለበትም ነበር እኮ።

መደብሩ የገባው ዱቄት በሁለት ሳምንት ተሸጦ አለቀ። አንድ እንሰት ለመድረስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ መድኃኒት ካለ ማን የገዛ ምግቡን ነቅሎ ይቀብራል? የኦቾሎ ሰው የታመመውን እንደቆመ ተወው፣ ዱቄቱን በተነበት። መድኃኒት መጣ ተብሎ የበረኪናውም ነገር ተረሳ። ቢላዋው ከታመመው ወደ ጤነኛው፣ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ በሽታውም አብሮት።

በጋው ሊያልቅ ሲል የአስመጪው ስልክ መጥራት አቆመ። በዚያው ሰሞን የእማማ አገርነሽ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ዱቄቱን እንዳልከው አደረግኩ። ሠላሳው ደርቋል። ምን አጥፍቼ ነው? ንገረኝ፣ አስተካክላለሁ።»

ሦስት ጊዜ ሰማው፤ አልመለሰላቸውም። በዚያ ቅዳሜ ምንም አልተናገረም። በሚቀጥለውም። ለሰብለ ጉሮሮዬን አሞኛል አላት። ሰብለ ሞኝ አይደለችም፤ ሄደህ እውነቱን ንገራቸው ብላ ለመነችው፣ ነገሩ ይርጋ አላት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚለውን እያወቀው፣ አራት ቅዳሜ ዝም አለ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አምስት የኦቾሎ ሽማግሌዎችና እማማ አገርነሽ መደብሩ ደጃፍ መጡ። ክብሩ ሊከሱት የመጡ መሰለው። ቀጥሎ እጃቸውን አየ፤ ሁሉም እርጥብ ሣር ይዘዋል። በጋሞ ሣር ይዞ የሚመጣ ይቅርታ ለማኝ ነው፤ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ እንቢ የሚል የለም፣ ደም የተቃባም ቢሆን። ስድስቱም እዚያው አቧራው ላይ ተንበረከኩ። ባጃጆች ቆመው ያዩ ጀመር።

«ዝም አልከን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ አባ ዘመድኩን። «በምን እንዳስቀየምንህ ተመካከርን። ዱቄቱ እንዲበረክት አመድ የቀላቀለበት አለ። አንዱን ፓኬት ለሦስት የተካፈለ አለ። መድኃኒትህን ያበላሸነው እኛ ነን። ይቅር በለንና ተናገር።»

እንዲህ ያለ በር ለዋሾ ሲከፈት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይቅር ብያለሁ ቢል በቃ፤ ጥፋቱን ራሳቸው ተሸክመው አፋፉን ይወጡለት ነበር። አፉንም ለዚያው ከፍቶ ነበር። ግን የእማማ አገርነሽን እጅ አየ፤ ሣሩን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘውታል። እሱም ተንበረከከ።

«አላየሁም» አለ።

«ምኑን?» አሉት አባ ዘመድኩን።

«ዱቄቱ ሲሠራ አላየሁም። አይቻለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። እናንተ ምንም አላጠፋችሁም።»

ቢጮኹበት በወደደ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ፣ ሣራቸውን እንደያዙ ወደ መኪና ማቆሚያው አቀኑ። እማማ አገርነሽ ብቻ ቀሩ። አርባ ከነበረው አሥር እንሰት ቀርቷቸዋል።

«ቢላዋውስ?» አሉት። «በበረኪና እጠቡ ያልከው። እሱንስ አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ እማማ። እሱን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ ወጣ። እሳቸውም አፉን አዩት። ክብሩ እየሮጠ ገብቶ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ በረኪና አመጣና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው፤ አሥሩን ማትረፊያ ሌላ መንገድ እንደሌለ ያውቃል። ቢላዋውን ብቻ ይጠቡልኝ ብሎ ለመናቸው።

«እሺ ልጄ» አሉት፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚሉት። ጠርሙሱን ሳይቀበሉ፣ ስለ ዓይኑም ሳይመርቁ፣ ሽማግሌዎቹን ተከትለው ሄዱ።