ከድልድዩ ወዲያ

የትናየት ከአማካሪዋ ቢሮ ደጃፍ ቆማለች። በእጇ ከያዘችው ፌስታል የሚወጣው የማንጎ ሽታ ሊያንቀላፋት ጀምሯል። ኢኮኖሚክስን ለመጨረስ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ነው፤ ጽሑፉ ስለ ማንጎ ዋጋ ነው፤ ዋጋው ግን የለም። መምህር ወሰን ዛሬ ካልተቀበሏት ዘንድሮ ጋውን መልበስ ቀረ።

ጥፋቱ የተጀመረው ማንጎ በሚበዛበት በመንጌ ወረዳ ነው። የዶርም ጓደኛዋ ዐርዋ ልታስተረጉምላት ወደ አክስቷ ወደ ብኸይታ ቤት ወሰደቻት። የግቢው ዛፎች ፍሬ ከብዷቸው ጎንበስ ብለዋል፤ የወደቀው መሬቱን ቢጫ አድርጎታል።

«እናቴ፣ ማንጎ ስንት ትሸጣላችሁ?» አለች የትናየት አንገቷን ደፍታ።

ብኸይታ ከእግር እስከ ራስ አዩዋትና ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» በሚለው አማርኛቸው መለሱ። «ልጄ፣ አንተ ርቦሃል? ለምን ታፍራል? ብላ!»

«ለማኝ መሰልሻቸው እኮ!» ዐርዋ በሳቅ ፈረሰች።

በሚቀጥለው ቤትም እንደዚያው ሆነ፤ በሚቀጥለውም። ዋጋ ጠይቃ ማንጎ ተሸክማ ወጣች። ሲመለሱ፣ መንደሩ መግቢያ ካለው ድልድይ በተሳፈሩበት አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያው ተደግፋ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል የፍላጎትን መስመር ከኮረብታው ሲወርድ፣ የአቅርቦትን ከወንዙ ሲወጣ አየች። ከዛፎቹ ሥር ሲፈላለጉ ቆይተው ሳይገናኙ ቀሩ።

«ግቢ!» አሉ መምህር ወሰን ከውስጥ። ወረቀቷን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ዋጋው የታል?»

«አልነገሩኝም።»

«አልነገሩሽም ወይስ አልጠየቅሽም? እንደ ክፍል ውስጥ ዝም ብለሽ ተመልሰሽ ይሆናላ!»

ፊቷ ጋለ። ሽታው እንደገና መጣ፤ አይሱዙውም፣ መንገዱም፣ ድልድዩም። ድልድዩ ጋ ነጋዴዎች መኪናቸውን ያቆማሉ። እዚያ ማንጎ ሻጮቹ ሴቶች ገና ሳትጠይቃቸው ዋጋ ሲጠሩላት ነበር፤ ጥናቷ የመንደሩን ስለነበር ግን አልጻፈችውም።

«ጠይቄያለሁ፤» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ከድልድዩ ወዲህ ዋጋ አለ። ወዲያ መኪና አይገባም። ማንጎው ዛፍ ሥር ነው የሚበሰብሰው፤ የሚበላላቸው ሰው ሲመጣ ደስ ይላቸዋል። እኔ... ዋጋ ከሌለበት ቦታ ገብቼ ነው ዋጋ ስፈልግ የዋልኩት።»

 መምህሩ የጽሑፏን ርዕስ በእስክሪብቶ ሰረዙት። 

«ዋጋው የት እንደሚጀምር ጻፊ። ለምን እዚያ እንደሚጀምርም። ዓርብ አምጪው፤ ከጓደኞችሽ ጋር ለመመረቂያው ፈተና ትቀርቢያለሽ።» ቀና አሉ። «ይሄ ሁሉ ቃል ግን እስከ ዛሬ የት ነበር?»

ፌስታሉን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠች። «የዐርዋ አክስት ናቸው፤ ለአስተማሪህ ስጥ ብለውኝ ነው።»

መምህር ወሰን አንዱን አንስተው አሸተቱት። እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ።

«ስንት ነ...» አሉና እጃቸውን መለሱ።

የትናየት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወጣች።