በዋሻው ደጃፍ

ሕይወት ከፍራሹ ላይ እንደገና ስትነሣ አልቃሿ ዜማዋን አላቋረጠችም፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ሴቶች ግን ሁሉም አዩ። አማቷ እማማ እቴነሽ ጥቁር ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ምራታቸው በእንግዶቹ እግር መሃል እየተሻገረች ጓዳ እስክትገባ በዓይናቸው ተከተሏት። ጓዳ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። የጀሪካኑን ክዳን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋች። የታጠበ ብርጭቆ አንሥታ ድጋሚ አጠበች። ተመልሳ ስትቀመጥ ጉልበቷ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ባሏ ዳዊት ከተቀበረ ሣልስቱ አልፏል። ደብረ ብርሃን ለስልጠና ሄዶ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። አሁን የእድሩ ድንኳን ደጃፋቸው ላይ ተተክሏል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ከሸራው ሥር ገብቶ አልወጣም ብሏል። ከደብረ ሲና የወረዱት የሕይወት ዘመዶች የደጋ ልብሳቸውን እንደለበሱ በመሐረብ ፊታቸውን ይጠርጋሉ። ከድንኳኑ ማዶ ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካርታ ይጫወታሉ።

አልቃሿ ሐረገወይን ከቀወት ገጠር፣ ከዳዊት አባት አገር የመጣች ናት። ዳዊትን የምታሞግሰው እንደ አባቱ ነው። ጨለማ የማይመልሰው፣ አውሬ የማያስበረግገው፣ ደፋሩ፣ ቆራጡ እያለች ታወርዳለች፤ ሴቶቹም ይቀበሏታል። ሕይወት ስታዳምጥ ሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የመጣች መሰላት። ከኋላዋ አንዷ እስካሁን እንባ አላየሁባትም ስትል ሰማች። ሌላዋ፣ ነርስ አይደለች፣ ስንቱን ሬሳ ያየ ዓይን ነው ብላ መለሰችላት።

እውነት ነው፤ አላለቀሰችም። ልታለቅስ ሞክራም ነበር። ግን ገና ከተቀመጠች አንድ ነገር ያስነሣታል፤ ምን እንደሆነ ስትፈልግ ደግሞ ይጠፋባታል።

ዳዊት የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በፕላዝማ ስለሚተላለፍ፣ የእኔ ሥራ ቴሌቪዥን መክፈትና መዝጋት ነው እያለ ይቀልዳል። ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ሰበብ ፈጥሮ ሾልኮ በባጃጅ ቤቱ ይገባና፣ ጫማውን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። በዩኒቨርሲቲ ዘመኑ የወደደው አንድ ጨዋታ ነበር። ሰይፍና አስማት፣ ዘንዶና የፈረሰ ግንብ ያለበት፣ ዳርቻው የማይታይ ሰፊ አገር። ዘውድ የነጠቀ ጠንቋይ አለ፤ ተጫዋቹ እሱን መግደል ይጠበቅበታል። ካልፈለገ ግን የሚያስቸኩለው የለም። ጠንቋዩን ትቶ ዓሣ ሲያጠምድ ቢከርም ይችላል። ዳዊት የጨዋታውን ስም አይጠራም፤ «አገሩ» ነበር የሚለው። ሥራ ስትጨርስ ይደውልላትና፣ ዛሬ አገሩ እንግባ ወይ ይላታል።

በተጋቡ ሰሞን ሕይወት የልጅ ነገር አድርጋው ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለ እንደጨረሰው ስትሰማ ደግሞ ባሰባት። መጨረሻውን እያወቅህ ለምን ትደግመዋለህ አለችው።

«መጨረሻውን ብቻ ነው የማውቀው» አላት። «ያኔ መንገዱን ሮጬ ነው ያለፍኩት።»

እውነቱን ነበር። ያኔ ተማሪ ሆኖ ያገኘውን ሁሉ እየገደለና እየዘረፈ፣ ጠንቋዩ ዘንድ ለመድረስ ሲሽቀዳደም ነበር። አሁን ግን በእግሩ ይሄዳል። አበባ ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ቅጠል ለቅሞ መድኃኒት ይቀምማል። ተሸንፎ እጁን የሰጠ ሽፍታ አይገድልም። ፍየል የጠፋባት አሮጊት ሲያገኙ ፍየሏን ፍለጋ ስንት ምሽት ተራራ ለተራራ ሲንከራተቱ ከረሙ። ሕይወት ከጎኑ ተቀምጣ ሰዎቹ የሚናገሩትን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትመልስለታለች። እሱ ያውቀዋል፤ ግን እሷ ስትመልሰው ነው ደስ የሚለው። የከተማውን በር ጠባቂ እንደ ቀበሌው ሊቀመንበር ታናግረዋለች። አንጥረኛው ደግሞ እንደ ዳዊት አጎት እንደ ጋሼ ተሰማ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከሩቅ ዘመድ ጀምሮ ነው ሰይፍ የሚሸጠው። ዳዊት ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሷም ሳታውቀው የምሽቱን ሰዓት መናፈቅ ጀመረች።

ኮምፒውተሩ አሁን ቤት ውስጥ የለም። በቀብሩ ዕለት ጋሼ ተሰማ ለእንግዶች ማደሪያ ቦታ ይጠባል ብለው አስወጡት። የወሰደው የዳዊት ጓደኛ ሙሳ ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል።

ከሰዓት በኋላ ሙሳ ከሚስቱ ከናጅዋ ጋር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ናጅዋ ያመጣችውን ምግብ ለጓዳ ሴቶች አስረክባ ከሕይወት አጠገብ ተቀመጠች። ሙሳ አላህ ያጽናሽ ብሎ ሊነሣ ሲል ሕይወት ኮምፒውተሩ ደኅና እንደሆነ ጠየቀችው። እንዳስቀመጠው ነው፣ ማንም አልነካውም አላት። ከዚያ ልየው እፈልጋለሁ ስትለው ደነገጠ። ዘወር ብሎ ሴቶቹን አየ።

«ሲስተር፣ ሰው ምን ይላል?» አለ በዝግታ። «ቀኑ ይውጣ፤ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።»

«እስከዚያ መቀመጥ አልችልም፣ ሙሳ።»

ናጅዋ ባሏ መልስ እስኪሰጥ አልጠበቀችም። የሕይወትን እጅ ይዛ፣ ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ አብሬሽም እቀመጣለሁ አለቻት።

በማግስቱ እንዳለችው መጣች። ሕይወት በጓዳው በር ወጥታ፣ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጥላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ከደሴ የሚወርዱት መኪናዎች አቧራውን ያነሡታል። ሽንኩርት የሚጭኑ ሰዎች ጥቁሯን አይተው ሥራቸውን ገታ አደረጉ፤ አንዱ አንገቱን ሰበረላት። ሙሳ ሱቁን ከፍቶ ማራገቢያውን ከፈተላቸውና ራሱ በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ሕይወት ዳዊት መጨረሻ ሴቭ አድርጎ ያስቀመጠበትን ስፍራ መረጠች።

በረዶ የለበሰ ተራራ ወጣ። ከግርጌው ዳዊት የሚጫወትበት ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ችቦ ይዞ ቆሟል። ከፊቱ ዋሻ አለ። የዋሻው አፍ በነጭ የሸረሪት ድር ተጋርዷል።

ናጅዋ ፊልም ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሕይወት ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች።

ዳዊት ሸረሪት ይፈራ ነበር። ዘንዶ ላይ እየሮጠ የሚሄድ ሰው፣ የዋሻ ድር ሲያይ ማውሱን ከእጁ ይጥላል። ተራው ያንቺ ነው ብሎ ወንበሩን ይለቅላትና ከኋላዋ ቆሞ ዓይኑን ይጨፍናል። በየመሃሉ አለቁ ወይ ይላታል። አንድ ቀን ሳያልቁ አዎ ብላው ዓይኑን ሲገልጥ ያወጣው ጩኸት ጎረቤት ሰብስቧል። ለጎረቤቶቹ እባብ አየሁ ብሎ ዋሸ።

ለስልጠናው በሄደበት ዋዜማ እሷ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበረች። እሱ ያን ተራራ ብቻውን ወጥቶ እዚህ ደርሷል። እዚህ ሲደርስ ቆመ፤ አስቀምጦት ተኛ። እስክትመጣ።

ሕይወት ማውሱን ይዛ ቀረች። ገብታ በላዩ ሴቭ ካደረገች ዳዊት የቆመበት ስፍራ ይለወጣል። ካልገባችም ሰውየው ችቦውን እንደያዘ በብርዱ ላይ ሊቀር ነው። ተነሣች። የተፈታቱ ሬዲዮኖች በተደረደሩበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሣች። ናጅዋ ውሃ ሰጠቻት፤ ተቀብላ ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

ደጅ ባጃጅ ቆመ። ሙሳ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላምታ ሲሰጥ ተሰማ። በሩ ላይ እማማ እቴነሽ ቆመው ነበር። ናጅዋ፣ ያመጣኋት እኔ ነኝ ልትል ጀመረች፤ እማማ እቴነሽ ግን ዓይናቸው ከምራታቸው አልተነቀለም።

«ሰው ትቼ ነው የመጣሁት» አሉ። «ተሰማ ምራትሽ ጨርቋን ጥላለች እያለኝ ነው። የልጄ መቃብር ሳይደርቅ አንቺ ጨዋታ ላይ ነሽ?»

ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ አይደል ወይ የሚለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችውም።

«እማማ፣ ዳዊት ሸረሪት ይፈራ ነበር» አለች።

እማማ እቴነሽ ከደፉ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ «ማን ነገረሽ?» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ራሱ። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ሸረሪት ያለበት ስንደርስ ለእኔ ነበር የሚተወው። ያን ቀን ተረኛ ስለነበርኩ፣ ይኸው፣ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሄደው።»

አሮጊቷ ቀረብ ብለው ስክሪኑን አዩ፤ ችቦውንም፣ ድሩንም አዩ። ናጅዋ ወንበሯን ለቀቀችላቸውና ወደ በረንዳው ወጣች። እማማ እቴነሽ ተቀምጠው፣ ለረጅም ጊዜ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ነገሯት። ልጅ ሆኖ እህል አምጣ ተብሎ ጎተራ ሲላክ ያለቅስ ነበር። ጎተራው ድር የወረሰው ነው። አባቱ ወንድ አደርገዋለሁ ብለው ውስጥ ከተው ዘጉበት። እሳቸው ባላቸውን መቃወም አልቻሉም፤ ግን ከግድግዳው ጭቃ በጣታቸው ፈልፍለው ቀዳዳ አበጁ፤ እጃቸውን አስገብተው አባቱ እስኪከፍቱ ድረስ እጁን ያዙት።

«ሲወጣ ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ» አሉ። «አልነገርኩም። እኅቶቹም አያውቁም። ሰው ፊት የአባቱ ልጅ መስሎ ኖረ።»

ሕይወትን ቀና ብለው አዩዋት። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላዩዋትም ነበር።

«ላንቺ ግን ነግሮሻል።»

ሕይወት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«በይ ግቢለት» አሉ እማማ እቴነሽ።

ገባች። ድሩን በሰይፍ ቀድዳ፣ ችቦውን ከፊት አድርጋ ወረደች። ሸረሪቶቹ ከጣሪያው እየተንጠለጠሉ መጡባት። እማማ እቴነሽ በስመአብ አሉ፤ ዓይናቸውን ግን አልነቀሉም። በላይሽ አለ፣ በቀኝሽ፣ ቀስ በይ ይሏታል። አንዱን ስትገድለው፣ ደግ አደረግሽ አሉ በቁጭት፣ ያን ጎተራ ያገኙት ይመስል። ሕይወት እጇ ቀጥ አለ፤ ጉልበቷም ዝም አለ። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቦታ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ሄዱ። ከዋሻው ጥግ ትልቋ ሸረሪት እግሮቿን ዘርግታ ተነሣች።

መብራት ሄደ።

ስክሪኑ ጨለመ። ማራገቢያው እየዘገየ እየዘገየ ቆመ። የሱቁ ሙቀት በአንድ ጊዜ ላያቸው ላይ ወደቀ።

«ጠፋ?» አሉ እማማ እቴነሽ። «ያ ሁሉ ልፋት ጠፋ?»

«እኛ የገባነው ነው የጠፋው። እሱ ያስቀመጠው አለ» አለች ሕይወት። «መብራት ሲመጣ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን።»

እናገኘዋለን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ቃሉን ልትደግመው ሞከረች፤ አልወጣ አላት። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ዜማ አልነበረውም፤ ሙገሳም አልነበረውም። ትከሻዋ እየተናጠ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ስሙን ብቻ ጠራች።

ሙሳ በሩን ገፋ አድርጎ ጄኔሬተር ላስነሣ ወይ አለ። እማማ እቴነሽ በእጃቸው ተው አሉት። ባለባጃጁ ክላክስ አሰማ። ናጅዋ ጎንበስ ብላ፣ እትዬ፣ ቤት እየጠበቁ ነው አለቻቸው።

«ይጠብቁ» አሉ።

አይዞሽ አላሏትም፤ በቃሽም አላሏትም። መሬት ላይ ከወደቀው የሬዲዮ ካርቶን አንዱን ክንፍ ገነጠሉ። የሕይወትን ነጠላ ከአንገቷ ገለጥ አደረጉና፣ ላብ ያሰጠመውን ማጅራቷን ቀስ እያሉ ያራግቡላት ጀመር። እጃቸው ሲዝል ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት።