አምባሳደሩ ቡና የማይጠጡበት አርብ

ጡረተኛው አምባሳደር ናስሪ አርብ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ በዮርዳኖሷ ማደባ ከተማ፣ ጥራድ ቤት ቡና እንደማይጠጡ ለሚመለከተው ሁሉ አስታወቁ። የብራስልስ ባልደረባቸው ለነበረው ለዴንማርካዊው ቪጎ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በጽሑፍ።

የቪጎ ልጅ የጥራድን ልጅ ሩባን ወዷል። ጥራድ «ለባዕድ አልሰጥም» ብሎ ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። በሦስተኛው ናስሪ ብቻቸውን ሄደው ለመኑት። እሺ አለ፤ ግን፦

«ዘመዶቼ ፊት በወጉ ይለመን። ወጉ ከተፋለሰ ቃሌን አንስቻለሁ።»

ናስሪ አርባ ዓመት ሙሉ ምሥራቅንና ምዕራብን ሲያቀራርቡ ኖረዋል። ያስፈረሙት ውል ብዙ ነው፤ የጸናውን ግን በአንድ እጅ ጣት ይቆጥሩታል፣ ያውም አውራ ጣት ሳይነካ። ይቺን አንዲት ጋብቻ አጽንተው ማረፍ ፈለጉ።

«ሲኒውን ተቀብለህ ታስቀምጠዋለህ» አሉት ቪጎን መኪና ውስጥ። «እኔ ለምኜ ስጨርስ ጥራድ ‹ሰጥተናል፣ ጠጡ› ይላል። ያኔ ትጠጣለህ።»

«እንደሚሰጥ ነግሮህ የለ?»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምን ልንለምን ነው?»

«ብራስልስ አብረን የገባንበት ስብሰባ ሁሉ እንዲህ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ይህን አልጠየቅኸኝም።»

ስድሳ ወንድ አዳራሹን ሞላው። ቡናው ዞረ፤ ማንም አልነካውም። ናስሪ ቆመው ከአዳም ጀመሩ።

«አቡ ጀሪስ፣ አዳምን ለእኔ ይተዉልኝና ወደ ልጅቷ ይምጡ» አሉ ከእንግዶቹ መካከል የነበሩት ቄስ፣ ናስሪን እንደ አገሩ ወግ በልጃቸው ስም ጠርተው። ተሳቀ።

ናስሪ ግን ዋናው ቃል ላይ ሲደርሱ ዝም ማለት ይወዳሉ፤ ሰው ጆሮውን እንዲያቀና። ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው ሲያጠልቁት ቪጎ ባዶ ሲኒ እያስቀመጠ ነበር። ንግግሩ ያለቀ መስሎት ነው።

ጥራድ ሲኒውን አየ። ቀጥሎ ናስሪን አየ። ናስሪ ለእንዲህ ያለ ሰዓት የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር ፈለጉ፤ በአራቱም ቋንቋቸው አጡ።

በበሩ ክፍተት ታይ የነበረችው የጥራድ ሚስት ግን መጠጣቱን አይታ፣ ባሏ «ሰጥተናል» ያለ መስሏት እልል አለች። ከኋላዋ ሠላሳ ሴት ተቀበላት፤ ከበሮ ተመታ። ልጅቷ ተሰጠች፣ ሳትለመን።

ጥራድ እልልታው እስኪበርድ ጠበቀ። አልበረደም። ሲኒውን አንስቶ ጠጣ፤ ስድሳውም ጠጡ። ናስሪ ብቻ ቆመው ቀሩ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ አቡ ጀሪስ» አለ ጥራድ። «ቡናው እየቀዘቀዘ ነው።»