አሮጌው ባትሪ የታለ?

ጸዳለ ደንበኛዋ ባፈና ቤት ከቀረበላት፣ በሽፈራው ቅጠል ከተቀቀለው የበቆሎ ድብልብል፣ ከኩርኩፋው፣ ሁለተኛውን ልትጎርስ ስትል የመጣችበት ጉዳይ ትዝ አላት።

"ጋሽ ባፈና፣ አሮጌው ባትሪ የታለ?"

ከተማው ውስጥ፣ ሲቀላ ካለው የሶላር ዕቃ ሱቋ ላንቴ መንደር ድረስ ባጃጅ ተኮናትራ የመጣችው ለእሱ ነበር። የምትሸጠውን ባትሪ የሚያስመጣው ድርጅት የሸጠውን ሲያረጅ መልሶ እንዲሰበስብና ወደ ፋብሪካ እንዲልክ ታዟል፤ አሮጌውን ለሚያስረክብ ደንበኛ አዲሱን በቅናሽ ይሰጣል። አዲሱ ባትሪ ደጅ፣ ባጃጁ ላይ ነው።

"እሱማ አለቀ" አሉ ባፈና ኮራ ብለው። "ፈልጬ ከፈትኩት። ውስጡ እርሳስ ነው። አቅልጬ ለመረቤ ማስጠሚያ ሠራሁበት። እንግዲህ የአባያ ዓሣ ወዴት ያመልጣል!"

ጸዳለ ልትጎርሰው የነበረውን ሳህኑ ላይ መለሰች። "በምን አቀለጡት?"

"በምን ይሆናል፣ በድስት ነዋ።"

በአገጫቸው ወደ ምድጃው ጠቆሙ። ኩርኩፋው የወጣው ከዚያው ድስት ነበር።

ጸዳለ አፏ ውስጥ የቀረውን ይዛ ተነሳች። ሮጣ ወጥታ ደጅ ካለው ሙዝ ሥር ተፋችው። ስትመለስ ዓይኗ የባፈና ሚስት ዘርፈሽ ላይ አረፈ። ዘርፈሽ ሳህኑን በስድስት ወር ሆዷ ላይ አስደግፋ ትበላለች።

"ዘርፍዬ፣ ተይው! መርዝ ነው!" ሳህኑን ነጠቀቻት።

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?" ባፈና ተቆጡ። "እሳት ያላጸዳውን ምን ያጸዳዋል? ደግሞ በአመድ ታጥቧል።"

"እርሳስ በእጥበት አይለቅም፣ ጋሼ። ድርጅቱ ሥልጠና ላይ ነግሮናል። ደም ውስጥ ይገባል። ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ እንኳ አይምርም።"

ባፈና የሚስታቸውን ሆድ እያዩ ባሉበት ቁጭ አሉ።

"ከፋሲካ ጀምሮ በዚሁ ነው የማበስለው" አለች ዘርፈሽ ሆዷን ይዛ። "ሆዴን ሲቆርጠኝ፣ ሙቀቱ ነው እል ነበር።"

"ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

ጸዳለ አዲሱን ባትሪ አውርዳ ባጃጁ ላይ ቦታ አበጀችላት። ዘርፈሽ ልትሳፈር አንድ እግሯን ካነሳች በኋላ ግን ቆመች። ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሲኖር የመንደሩ ሰው የሚዋሰው ያንን ድስት ነው። ተመልሳ ገባች። ድስቱን ከምድጃው አውርዳ መሬት ላይ ደፋችው፤ የባሏን መጥረቢያ አንስታም ቂጡን በሳችው።

ባፈና አልከለከሏትም። አንዴ አልበቃትም፤ ደገመችው።